የወር አበባ መዛባትና የሆርሞን ክኒን፦ ኖርኢቲስቴሮንን በጥንቃቄ መጠቀም

በዚህ የጤና ትምህርት የምንነጋገረው ብዙ እናቶችና እህቶች በጓዳ እንጂ በአደባባይ ስለማያነሡት ጉዳይ ነው። የወር አበባ ሲበዛ፣ ሲረዝም ወይም ቀኑን ሲስት አንዳንዶች ዝም ብለው ይታገሡታል። ሌሎች ደግሞ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ይውጣሉ ወይም ከሱቅ ገዝተው ይጠቀማሉ። ከእነዚህ ክኒኖች አንዱ ኖርኢቲስቴሮን ይባላል። ፕሪሞሉት ኤን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁትም አሉ። በትክክለኛው ምክንያት፣ በትክክለኛው መጠንና ከምርመራ በኋላ ከተወሰደ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ምርመራ ሲወሰድ ግን ከባድ በሽታን ሊሸፍን፣ አልፎም ሕይወትን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት አንብበው ሲጨርሱ፦
• ጤናማውን የወር አበባ ከተዛባው ለመለየት፣
• ኖርኢቲስቴሮን መውሰድ የሌለባቸውን ሴቶች ለማወቅ፣
• የታዘዘን ክኒን በሰዓቱና በመጠኑ ለመውሰድ፣
• ሳይዘገዩ ወደ ክሊኒክ የሚያስኬዱ የአደጋ ምልክቶችን ለመለየት ይችላሉ።

1. ጤናማ የወር አበባ ምን ይመስላል?

ቀኑ የሚቆጠረው ደም መፍሰስ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ የሚቀጥለው ደም እስኪጀምር ድረስ ነው። በአዋቂ ሴት ይህ ጊዜ ከ24 እስከ 38 ቀን ሊሆን ይችላል። ደሙ ከ8 ቀን በላይ መቆየት የለበትም። በአብዛኞቹ ሴቶች ጠቅላላው ደም ከ80 ሚሊ ሊትር በታች ነው፤ ይህም ወደ አንድ የቡና ሲኒ ይጠጋል። የወር አበባ ባየች በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት ውስጥ ያለች ልጅ ቀኗ ቢዘበራረቅ ብዙውን ጊዜ የሚያሳስብ አይደለም።

በካምፓችን ሁለት ዓይነት የቀን አቆጣጠር ስላለ ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። የክሊኒኩ ካርድ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን ብዙዎቻችን ቤት የምንቆጥረው በእኛው ነው። ስለዚህ ቀን ከቀን ከማነጻጸር ይልቅ የቀኖቹን ብዛት ይቁጠሩ። ለምሳሌ የወር አበባዋ መስከረም 5 ጀምሮ የሚቀጥለው ጥቅምት 3 የመጣላት ሴት ዑደቷ 28 ቀን ነው። ዑደቱ በጳጉሜ ላይ ካለፈ ጳጉሜን መቁጠር አይርሱ።

የሚከተሉት ሲታዩ የወር አበባው ተዛብቷል እንላለን፦
• ከ8 ቀን በላይ ሲቆይ፣
• በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ለመቀየር ሲያስገድድ፣ ትላልቅ የረጋ ደም ሲወጣ፣
• በሁለት የወር አበባ መካከል ወይም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ደም ሲታይ፣
• ያለ እርግዝናና ያለ ጡት ማጥባት ለ3 ወር ሲቀር፣
• ሕመሙ ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከውኃ መቅዳት ሲያስቀር።

2. የሚዛባው ለምንድን ነው?

በየወሩ ሁለት ሆርሞኖች ተራ በተራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ኤስትሮጅን ሲሆን የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍራል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሽፋኑን አጽንቶ ይይዘዋል። እርግዝና ካልተፈጠረ የሁለቱም መጠን ይቀንስና ሽፋኑ ተነቅሎ በደም መልክ ይወጣል። የወር አበባ ማለት ይህ ነው።

በአንዳንድ ወር ግን እንቁላል አይወጣም። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን አይኖርም። ጭድ ያልገባበት የጭቃ ምርጊት ሲወፍር እየተሰነጠቀ እዚህም እዚያም እንደሚረግፍ ሁሉ፣ ፕሮጄስትሮን ያላገኘው የማሕፀን ሽፋንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቦታው እየተቆረሰ ለብዙ ቀናት ይደማል። ይህ በተለይ በወጣት ልጃገረዶችና የወር አበባቸው ሊቋረጥ በተቃረቡ እናቶች ላይ ይበዛል። ጭንቀት፣ ረጅም ጉዞ፣ የምግብ እጥረትና የክብደት መቀነስም እንቁላል እንዳይወጣ ሊያደርጉ ይችላሉ። በስደት ላይ ያለች ሴት የወር አበባዋ ቢዘበራረቅ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ከእነዚህም መካከል እርግዝና፣ ውርጃ፣ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና፣ የማሕፀን ዕጢ፣ የማሕፀን በር ካንሰር፣ የማሕፀን ኢንፌክሽን፣ የእንቅርት በሽታና ደም በቀላሉ ያለመርጋት ችግር ይገኙበታል። የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ የምትወስድ ሴትም ደም ሊንጠባጠብባት ወይም የወር አበባዋ ጨርሶ ሊቀር ይችላል። በመርፌው ምክንያት የቀረ ደም በሆድ ውስጥ አይጠራቀምም፤ ሽፋኑ ስላልወፈረ የሚወጣ ነገር የለም ማለት ነው። ከባድ ግርዛት የተፈጸመባት ልጅ ደሙ መውጫ አጥቶ በየወሩ ብርቱ ሕመም ሊሰማት ስለሚችል መፍትሔው ክኒን ሳይሆን የሐኪም ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ደሙ አንድ ዓይነት ቢመስልም ምክንያቱ ግን ልዩ ልዩ ነው። የአንዷ መድኃኒት ለሌላዋ የማይሆነው ለዚህ ነው።

3. ኖርኢቲስቴሮን እንዴት ይሠራል?

ኖርኢቲስቴሮን ፕሮጄስትሮንን የሚመስል በፋብሪካ የተሠራ ሆርሞን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በሜክሲኮ ከተማ በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ሲወሰድ የማሕፀንን ሽፋን አጽንቶ ስለሚይዘው ደሙ እየቀነሰ ይቆማል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ሽፋኑ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ደሙን ያቆማል እንጂ ዕጢን፣ ኢንፌክሽንን ወይም ካንሰርን አያድንም። ሁለተኛ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያየ መጠን ያላቸው ክኒኖች አሉ። ለደም መብዛት የሚታዘዘው 5 ሚሊ ግራም ነው። ለሚያጠቡ እናቶች እርግዝና መከላከያ የሚሆነው ደግሞ 0.35 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። ለደም መብዛት ለጥቂት ቀናት የተወሰደ ክኒንም እርግዝና ይከላከልልኛል ብሎ መተማመን አይገባም።

4. ክኒኑን መውሰድ የሌለባት ማን ናት?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ኖርኢቲስቴሮን አይወሰድም፦
• እርጉዝ የሆነች ወይም እርግዝና የጠረጠረች፣
• የደም መፍሰሱ ምክንያት ገና ያልታወቀላት፣
• ከዚህ በፊት በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም የረጋባት፣ የልብ ድካም ምት ወይም ስትሮክ የደረሰባት፣
• የጉበት በሽታ ያለባት ወይም በእርግዝና ጊዜ ዓይኗ ቢጫ ሆኖባት የነበረች፣
• የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት።

ጡት የምታጠባ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም ብርቱ የራስ ምታት ያለባት እናትም አስቀድማ ለጤና ባለሙያው መናገር ይኖርባታል። የሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶችንም መናገር ግድ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ እንዲሁም ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝ የኖርኢቲስቴሮንን ኃይል ይቀንሳሉ።

ከዚህ ጋር አንድ አደገኛ የተሳሳተ እምነት አለ። የወር አበባ ሲቀር ይህን ክኒን በመዋጥ እርግዝናን ማስወረድ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። እርግዝና ካለ ክኒኑ አያቋርጠውም፤ ጊዜ ግን ያባክናል። እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ የወሰደች እናት ካለች መድኃኒቱን አቁማ ወደ ክሊኒክ ትምጣ። ባለማወቅ ጥቂት ክኒን መውሰድ በራሱ እርግዝናውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

5. ክኒኑ እንዴት ይወሰዳል?

ቀጥሎ ያለው የተጻፈው የታዘዘልዎትን እንዲረዱ ነው። በራስዎ እንዲጀምሩ አይደለም።

ብዙ ደም ለማቆም የተለመደው አወሳሰድ 5 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ10 ቀን ነው። በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ 1 × 3 ተብሎ ከተጻፈ አንድ አንድ ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ አይደለም። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ማታ 5 ሰዓት ቢወሰድ በየ8 ሰዓቱ ይሆናል። በከረጢቱ ላይ በፈረንጆች ሰዓት ጠዋት 7፡00 ተብሎ ከተጻፈ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑን ያስታውሱ። ግራ ከተጋቡ መድኃኒት የሚያድለውን ሰው ሳይጠይቁ ከመስኮቱ አይሂዱ።

ደሙ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይቆማል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ደሙ ቆሟል ብሎ ክኒኑን በ3ኛው ቀን መተው ደሙ ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል። የታዘዘውን ሁሉ ይጨርሱ። በ3 ቀን ውስጥ ካልቀነሰ ግን መጠኑን በራስዎ አይጨምሩ፤ ወደ ክሊኒክ ይመለሱ።

አንድ ክኒን ከረሱ ባስታወሱ ጊዜ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ይተዉት። ሁለት በአንድ ጊዜ አይውሰዱ። ሆድ ካመመዎት ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል። መድኃኒቱን ሙቀትና ፀሐይ በማያገኘው፣ ልጆችም በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።

6. ክኒኑ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ደም

የመጨረሻውን ክኒን ከዋጡ ከ2 እስከ 4 ቀን በኋላ እንደ ወር አበባ ያለ ደም ይመጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ብዙ ሴቶች ይህን ባለማወቅ ደንግጠው ክኒኑን እንደገና ይጀምራሉ። እንዲህ ማድረግ አይገባም። ያ ደም ሽፋኑ የሚጸዳበት ነውና ይፍሰስ። ከ8 ቀን ካለፈ ወይም እጅግ ከበዛ ግን ወደ ክሊኒክ ይሂዱ። ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል።

ችግሩ በየወሩ የሚመላለስ ከሆነ ባለሙያው ሌላ ሕክምና ሊመርጥ ይችላል። ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ አይቡፕሮፌን፣ የተቀላቀለ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ወይም በማሕፀን የሚቀመጥ ሆርሞን ያለበት ሉፕ ከአማራጮቹ መካከል ናቸው።

7. የጎንዮሽ ስሜቶችና የአደጋ ምልክቶች

ማቅለሽለሽ፣ ቀላል ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋት፣ የጡት ማመም፣ የስሜት መለዋወጥና ጥቂት ደም መንጠባጠብ ሊኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ሲያልቅ ይጠፋሉ።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ክኒኑን አቁመው በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ይሂዱ፦
• አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣
• ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣
• ከወትሮው የተለየ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር፣
• የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን።

ከላይ ያሉት ሦስቱ ደም በማይገባው ቦታ መርጋቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ይህ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ቢሆንም ገዳይ ነው። ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ መጓዝም የደም መርጋትን ዕድል ይጨምራል። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የበረራ ቀን የተያዘላት እህት «ለመንገዱ እንዳይመጣብኝ» ብላ ይህን ክኒን ለመውሰድ ካሰበች መንገዷ ረጅም መሆኑን አስቀድማ ለባለሙያው ትንገር።

8. ለጾም፣ ለበዓልና ለሠርግ የወር አበባን ማዘግየት

ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት፣ ለመቁረብ፣ ለረመዳን ወይም ለሠርጓ ቀን የወር አበባዋን ማዘግየት የምትፈልግ ሴት ትኖራለች። ይህ ነውር የለውም። ከታዘዘ የተለመደው አወሳሰድ የወር አበባው ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት 3 ቀን አስቀድሞ መጀመር፣ በቀን 3 ጊዜ መውሰድ ነው። ካቆመች ከ2 እስከ 3 ቀን በኋላ ደሙ ይመጣል። የሚወሰደው በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሆነ ሙሉውን ረመዳን ወይም 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ለማሳለፍ አይሆንም። በቀን ክኒን ለመዋጥም ጾም ያስቸግራል።

በእስልምና የወር አበባ ያየች ሴት አትጾምም፤ ቀኑን በኋላ ትከፍላለች። በኦርቶዶክስ ክርስትናም ከደጅ ሆኖ መጸለይ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ጤናዋ የማይፈቅድላት እህት ከሃይማኖት አባቷ ወይም ከሼኳ ጋር ብትመክር መልካም ነው።

9. የጠፋውን ደም መተካት

ደም መፍሰሱ ቢቆምም የደም ማነስ ሊቀር ይችላል። ድካም፣ ራስ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠንና የምላስና የዓይን ውስጥ ሽፋን መንጣት ምልክቶቹ ናቸው። የብረት ክኒን ከታዘዘ ለወራት መውሰድ ያስፈልጋል። ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚከለክሉ ክኒኑን ከቡና ሥርዓት ጋር አያገናኙት፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ያራርቁት። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመንና ሲገኝም ሥጋ ይረዳሉ። የብረት ክኒን ለሕፃናት መርዝ ነውና ከእጃቸው ያርቁት።

10. ለበጎ ፈቃደኛ የጤና ሠራተኞች

የእናንተ ሥራ መድኃኒት ማዘዝ አይደለም፤ መጠየቅ፣ ማስተማርና መላክ ነው። ስትጠይቁ ለብቻ በሆነ ቦታ ይሁን። የሰማችሁትን ለባሏም፣ ለእናቷም፣ ለጎረቤቷም አትናገሩ። አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ደሙ መቼ ጀመረ? በቀን ስንት ጨርቅ ይነክራል? የወር አበባዋ ቀርቶ ነበርን? ሕመም ወይም ትኩሳት አለ? ምን መድኃኒት ወስዳለች?

ደሙ የጀመረው በመደፈር ከሆነ አትመርምሯት፣ አትውቀሷትም። በፍጥነት ወደ ክሊኒክ አድርሷት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ እርግዝናን የሚከላከለው ደግሞ በ120 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሁለቱም በቶሎ ሲሰጡ ይበልጥ ይሠራሉ።

በሰዓት አንድ ሞዴስ ለሁለት ተከታታይ ሰዓት የምትነክር፣ ያዞራት ወይም የወደቀች ሴት ድንገተኛ ሕመምተኛ ናት። አስተኟት፣ እግሯን ከፍ አድርጉ፣ አልብሷት፣ አምቡላንስ ጥሩ። በማሕፀኗ ቅጠልም ሆነ ጨርቅ እንዳይገባ ከልክሉ። በቦዳ ቦዳ ብቻዋን አትላኳት። የነከሩትን ጨርቆች ብዛት ለባለሙያው ንገሩ።

መለማመጃ

ጥያቄ 1፦ የ24 ዓመት ሴት የወር አበባዋ ከቀረ 6 ሳምንት ሆኖታል። አሁን ጥቂት ደም ይታያታል፤ በአንድ ጎን ሆዷን ይወጋታል። ጎረቤቷ የተረፈ ኖርኢቲስቴሮን ልትሰጣት ነው። ምን ታደርጋላችሁ?
መልስ፦ ክኒኑን አስቁሙ። ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ውሰዷት። የደሙ ማነስ አያዘናጋችሁ፤ በሆድ ውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ 2፦ አንዲት እናት የ10 ቀን ክኒኗን ከጨረሰች በ3ኛው ቀን ደም መጣባት። «መድኃኒቱ አልያዘኝም» ትላለች።
መልስ፦ የሚጠበቅ ደም መሆኑን አስረዷት። ክኒኑን እንደገና እንዳትጀምር፣ ከ8 ቀን ካለፈ ወይም ከበዛ ግን እንድትመለስ ንገሯት።

ጥያቄ 3፦ የ55 ዓመት እናት የወር አበባቸው ከተቋረጠ 3 ዓመት ሆኗል። አሁን ጠብታ ደም አይተዋል፤ «ወጣትነቴ ተመለሰ» ብለው ይስቃሉ።
መልስ፦ የወር አበባ ለ12 ወር ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም ጠብታም ቢሆን መመርመር አለበት። አንዳንድ ጊዜ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና በአክብሮት አሳምናችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዷቸው።

ጥያቄ 4፦ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ሙሽራ ለሠርጓ የወር አበባዋን ማዘግየት ትፈልጋለች።
መልስ፦ ሪፋምፒሲን የክኒኑን ኃይል ስለሚቀንስ ላይሠራላት ይችላል። ለሠርጓ ብላ የነቀርሳ መድኃኒቷን ከቶ እንዳታቋርጥ ምከሯት፤ ለባለሙያውም ትንገር።

ማጠቃለያ

የወር አበባ መዛባት የሚያሳፍር ነገር ሳይሆን የሚታከም የጤና ችግር ነው። ኖርኢቲስቴሮን ይረዳል፤ የሚረዳው ግን ምክንያቱ ሲታወቅ፣ እርግዝና አለመኖሩ ሲረጋገጥና የታዘዘው በሥርዓቱ ሲወሰድ ነው። ከጎረቤት ጨው መበደር ያለ ነው፤ ክኒን ግን አይበደሩ፣ አያበድሩም። የተረፈዎትን ለክሊኒኩ ይመልሱ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል እናት ወይም እህት ጊዜ ወስደው ያንብቡላት።